የሰነፏ ክላራ ሦስተኛ ተኩስ

ይህ የምነግራችሁ ታሪክ ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው። ከዋሸሁ የመድፈኞች ጠባቂ ቅድስት ባርባራ ባሩድ በሞላው በርሜል ላይ ታስቀምጠኝ፤ ገና ብቅ ብቅ ማለት የጀመረው ግራ ቅንድቤም ለሰባተኛ ጊዜ ተቃጥሎ ይቅር። በሃልከም ከተማ ሂሊስ መድፈኛውን የማያውቅ የለም። በመላው ፍላንደርስም ከአንድ ሁለት ደንቆሮዎች በቀር ስሜን ያልሰማ አለ ብዬ አላምንም፤ እነሱንም ያደነቆርኳቸው እኔው ነኝ። "ያጋንናል" ይሉኛል። እሺ፣ አንዳንድ ጊዜ ነገሩን ትንሽ አፋፋዋለሁ። ጋጋሪውስ ሊጡን ኩፍ ያደርግ የለ፤ ማን ውሸታም አለው? ይህኛው ግን ሌላ ነው። ዘጠኝ ዓመት በሆዴ ይዤው የኖርኩት ነገር ነው። እኔ አንድን ነገር ዘጠኝ ዓመት በሆዴ መያዜን ካመናችሁ፣ የቀረውን ማመን አያቅታችሁም።

ጉዳዩ የታናሽ ወንድሜ የዮስ ስም ነው።

በመድፈኞች ማኅበራችን በእሳት የሞቱ ወንድሞች የተጻፉበት መዝገብ አለ። በእኛ ሥራ ሰው ንስሐ ለመግባት ጊዜ አያገኝም። አሁን አለ፣ አሁን የለም። ስለዚህ በየዓመቱ በቅድስት ባርባራ ቀን ካህኑ ስማቸውን አንድ በአንድ እየጠራ ይፈታቸዋል፤ ማኅበሩ እስካለ ድረስ ፍትሐታቸው አይቋረጥም። መድፍ ያልገደለው ግን አይጻፍም። ፈረስ የረገጠው፣ ወንዝ የወሰደው፣ በሽታ የጣለው ቤተሰቡ ይጸልይለት ነው ሕጉ። ወንድሜ ካህን ሳያገኝ ሞተ። ስሙ ደግሞ መዝገቡ ላይ የለም። በየዓመቱ ስሞቹ ተጠርተው ሲያልቁና ሻማዎቹ ሲጠፉ፣ ዮስ የት ጨለማ ውስጥ ቆሞ ስሙ እስኪጠራ እንደሚጠብቅ እያሰብኩ ነበር ከቤተ ክርስቲያን የምወጣው።

ስምንት ዓመት "ጻፉልኝ" አልኩ። ስምንት ዓመት የማኅበሩ አለቃ አርናውት "እንዴት ሞተ?" ብለው ጠየቁኝ። ስምንት ዓመት ዝም አልኩ። ዘንድሮ አለቃ መዝገቡ ሊሞላ መድረሱን ነገሩኝ።

"ከዘንድሮው በዓል በኋላ የድሮ ዘመቻ ሙታን አይገቡበትም" አሉ። "ሁለት ምስክር ካለህ አቅርብ። ከሌለህ እግዚአብሔር ይማረው።"

አንዱ ምስክር እኔ ነኝ። ሌላዋ ማይከን፣ የዮስ ሚስት ናት። ዮስ በሞተበት ከበባ ሠራዊቱን ተከትለው ልብስ ከሚያጥቡት ሴቶች አንዷ ነበረች፤ ከሃልከም ወደዚያ ከዘመትነው ውስጥ በሕይወት ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። ከእኔ ቤት ሦስት በር አልፋ ትኖራለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ስለ ከበባው አንድ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። ዘንድሮ ለመንኳት፤ "እመጣለሁ" አለችኝ።

"'አዎ' በያቸው፤ ሌላ ነገር አትጨምሪ" አልኳት መንገድ ላይ።

"እመጣለሁ አልኩህ እኮ" አለችና ቀድማኝ ሄደች።

ቅዳሴው አልቆ በማኅበሩ አዳራሽ ለምሳ ተቀመጥን። በመስኮቱ የምትገባው የታኅሣሥ ፀሐይ ደካማ ነች፤ በጠረጴዛው ላይ ያጨሰ አሣ፣ የአጃ ዳቦና ቢራ አለ። ማይከን ከምድጃው አጠገብ ጥግ ላይ ተቀምጣ እጆቿን በሽርጧ ጠቅልላለች። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ።

"ሰነፏን ክላራን ታስታውሳላችሁ" ብዬ ጀመርኩ። "እንደሷ ያለ መድፍ በዓለም ላይ አልተሠራም። በአፏ ውስጥ የሰርግ ግብዣ ይደረጋል። እሷን ለመጎተት ስልሳ ፈረስ..."

"ባለፈው ዓመት አርባ ነበሩ" አለ ባሩድ ወቃጩ ቦደዋይን።

"ባለፈው ዓመት ሃያዎቹ ታመው ነበር።"

አዳራሹ ሳቀ። ቦደዋይን ራሱ ቢራው በአፍንጫው ወጣ። እንዲስቁ ፈልጌ ነበር፤ የሳቀ ሰው ልቡን ከፍቶ ያዳምጣል።

ከዚያ ስለ ዮስ ነገርኳቸው። ወጣቶቹ አያውቁትም። ዮስ መድፈኛ ከመሆኑ በፊት ቀስተኛ ነበር፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ውስጥ ከነበሩት ሁሉ የሚበልጥ ቀስተኛ። በየዓመቱ በግንቦት ከረጅም ምሰሶ ጫፍ ላይ የእንጨት ወፍ ይሰቅላሉ፤ መትቶ የጣላት የዓመቱ ንጉሥ ይባላል። ሦስት ዓመት በተከታታይ የጣላት ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ነው። ዮስ ሦስት ዓመት ጣላት። በሦስተኛው ዓመት ከተማው በትከሻው ተሸክሞ ሲያዞረው እናታችን ከበር ላይ ቆማ "ቀስ በሉ፣ ጫማው ይወድቃል!" እያለች ትጮህ ነበር። ወፏ ምሰሶው ላይ የመርፌ ቀዳዳ ታክላለች።

"የዶሮ ታክላለች" አለ ቦደዋይን።

"ከታች ሆነህ እያት እስቲ፣ አንተ ወፍራም።"

ከዚያ የቤርከን ነገር መጣ። የቤርከንን ቅጥር የማያውቅ የለም። አያቶቻቸው ጀምረው የልጅ ልጆቻቸው የጨረሱት፣ አርባ ዓመት የፈጀ ግንብ ነው። ከላዩ ቆሞ የተፋ ሰው ምራቁ መሬት እስኪደርስ ድረስ ምሳውን ይበላል። በድሮው ጦርነት እንዲህ ያለው ከተማ በረሃብ እንጂ በሌላ አይያዝም ነበር። እኔና ክላራ ከቁርስ እስከ ምሳ ጣልነው።

"ሦስት ቀን ፈጅቶባችኋል" አሉ አለቃ አርናውት በቀስታ፤ እሳቸውም ነበሩበት።

"እሺ፣ ሦስት ቀን። ግን ከቁርስ እስከ ምሳ ነበር የምንሠራው።"

በዚህኛው ማንም አልሳቀም። አለቃ አንገታቸውን ደፉ፤ ምን እንዳስታወሱ አውቃለሁ። ግንቡ ሲወድቅ ከፍርስራሹ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግንበኛ ወጣ። እኛን አልተሳደበም። ድንጋዮቹን አንድ በአንድ እየገለበጠ የራሱን ምልክት ይፈልግ ጀመር፤ እነዚህ ሰዎች በጠረቡት ድንጋይ ላይ ምልክት ይቀርጻሉ። አንዱን አገኘና ላዩ ላይ ተቀመጠ። ሠራዊቱ በአጠገቡ እየዘለለ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየም።

ያን ቀን ቀስተኞቹ ከኋላችን ነበሩ። ቀይ ቆባቸውን አድርገው፣ የጊዮርጊስን ባንዲራ ይዘው፣ ከጧት ጀምሮ "ተራችን መቼ ነው?" ይላሉ። የመስፍኑ ሻለቃ መጣና አያቸው። "ጥሩ፣ ክንድ ያላቸው ሰዎች ናችሁ" አለና አካፋ አደላቸው። ለክላራ መንገድ እንዲጠርጉ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወንድሜ ቀስቱን በጀርባው አዝሎ ጭቃ ሲዝቅ በዓይኔ አየሁት። እኔም ያኔ ከመድፌ ላይ ሆኜ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ "ጃንሆይ! በስተቀኝም ትንሽ ይቀራል!" ብዬ ጮህኩበት። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዮስም ሳቀ። ግን ማታ ድንኳኔ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

"ሂሊስ" አለኝ፣ "እናንተ ዘንድ ሥራ አለ?"

"አንተን የመሰለ ቀስተኛ?"

"ዛሬ አንድም ሰው እንድተኩስ አልጠየቀኝም እኮ። ነገም የሚጠይቀኝ የለም። አስገባኝ።"

ባሩድ መጨመሪያውን ማንኪያ አሸከምኩት። በእኔና በእርሱ መካከል ያለውን ልዩነት ያኔ ማወቅ ነበረብኝ። ቀስተኛ ሦስት ጊዜ ከመታ ንጉሠ ነገሥት ይሆናል። መድፈኛ በአንድ ቀን ሦስቴ ከመታ ግን፣ "አረሩን ተሸክሞ ያደረሰለት ሰይጣን ነው" ይባላል፤ በባዶ እግሩ እስከ ሩቅ ገዳም ሄዶ ንስሐ እስኪገባ ድረስ ከመድፍ አጠገብ አያስደርሱትም። ስለዚህ ሁለቴ የመታ መድፈኛ ሦስተኛውን ሆን ብሎ ይስታል። አዳራሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ያላደረገውም የለም። ማንም ግን አፍ አውጥቶ አይናገረውም። እኔ ስናገረው አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፤ ሌላው ቢራውን ማየት ጀመረ።

"ቀጥል" አሉ አለቃ።

የኦስተርፌልድን ከበባ ነገርኳቸው። ገና ስንደርስ በሳቅ ልሞት ነበር። ቅጥራቸው ከበግ አጥር ብዙም አይበልጥም፤ ወፍራም፣ ዝቅ ያለ የአፈር ክምር ነው። "ይህ ቅጥር ነው ወይስ የሽንኩርት መደብ?" ብዬ ቀለድኩ። ከቤርከን ተምረዋል ለካ። የመጀመሪያውን የድንጋይ አረር ስተኩስ አፈሩ "ጭልቅ" አለና ዋጠው፤ ማታ ሴቶቻቸው በቅርጫት አፈር አምጥተው ቀዳዳውን ደፈኑት። መቶውን ብትተኩስ መቶውን ይውጣል። ከዚያ በኋላ ጦርነት ማለት ጉድጓድ መቆፈር ሆነ። እነሱ ከአፈራቸው ኋላ፣ እኛ በጉድጓዳችን ውስጥ፣ አምስት ወር። በድሮው ጊዜ ሰው ግንብ ላይ ወጥቶ ይገድላል ወይ ይሞታል፣ ማታ ቤቱ ነው። እዚያ ግን የጠላትን ፊት ሳያይ የሞተው ይበዛል።

"ከድንጋይ የተሠራ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶላቸው ነበር" አልኩ። "የበሩ ማማ። አንድ ቀን ፀሐይ ወጣ..."

"በዚያ መኸር ፀሐይ?" አለ ቦደዋይን። "እዚህ እኮ ባሩዱን በምጣድ ላይ ነበር የማደርቀው። አንድ ሌሊት እንኳ ዝናብ አላቆመም።"

"እኛ ላይ ወጣ አልኩህ። አታቋርጠኝ።"

ድምፄ ሳላስበው ከረረ። ቦደዋይን እጁን አንሥቶ ወደ ቢራው ተመለሰ።

"በመጀመሪያው ተኩስ ማማውን ወገቡን መታሁት። በሁለተኛው አንገቱን። ሠራዊቱ ከጉድጓድ ወጥቶ እየዘለለ ነው። መስፍኑ ራሱ ባርኔጣውን አወለቀልኝ። ሦስተኛውን አጎረስኳት። ማማው እየተንገዳገደ ነው፤ በመሐረብ ብትመታው ይወድቃል። ሁሉም 'ምታው! ምታው!' ይላል። እኔ ግን ፈራሁ። ጠላትን አይደለም፤ የሰፈሬን ሰው አፍ ፈራሁ። 'ሂሊስ ከሰይጣን ጋር ነው' ሲሉኝ፣ ሴቶች ልጆቻቸውን ከመንገዴ ሲያሸሹ ታየኝ። ስለዚህ ክላራን ወደ ግራ አዞርኳት። በስተግራ ከአንድ ወር በፊት የተተወ የሸክላ መተኮሻ ምድጃ ነበር። ባዶ ነው። ባዶ ነው ብዬ ነው።"

ውሃ የለም፤ ቢራ ጠጣሁ።

"ያን ጧት ሻለቃው ዮስን ጠርቶት ኖሯል። ለከተማው ሰዎች 'እጃችሁን ስጡ' የሚል ደብዳቤ መላክ ፈልጓል፤ ደብዳቤ ደግሞ በመድፍ አይላክም። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስተኛ ያስፈለገው ያን ቀን ነው። ዮስ ደስ ብሎት፣ ቀስቱን ከከረጢቱ አውጥቶ፣ ደብዳቤውን ፍላጻው ላይ አስሮ፣ ከምድጃው ጀርባ ተንበርክኮ ነበር። ማንም አልነገረኝም። ክብሩን ፈርቶ ሆን ብሎ የሳተ መድፈኛ አረሩ የት እንደሚያርፍ አይጠይቅም። እኔ ተኮስኩ። ሠራዊቱ 'ውይ፣ ሳተ!' ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ስንደርስ የቀስቱ ገመድ ገና እንደተወጠረ ነው። አልተበጠሰም። ሌላው ሁሉ... ቀስቱን ከእርሱ ጋር ቀበርነው። ወንድሜ በእሳት ነው የሞተው፤ በእኔ እሳት። ጻፉት።"

በአሥራ ሁለት አገር ተዋግቻለሁ፣ ስድስት መድፍ በጆሮዬ ላይ ፈንድቷል፤ እንደዚያች ቃል ግን የከበደኝ የለም። ቦደዋይን እንኳ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር።

"ሂሊስ" አለኝ ከጣቶቹ መሐል፣ "ወንድሜ፣ ያልከውን ታውቀዋለህ? ይህን ካመንክ መለኮሻ ዘንግህን ያስረክቡሃል እኮ። ዳግመኛ መድፍ አትነካም።"

እሱን ከቤት ሳልወጣ አስቤበታለሁ። ሃያ ሁለት ዓመት እሳት የለኮስኩበትን ዘንግ ከጀርባዬ አውጥቼ ከአሣው ሳህን አጠገብ አስቀመጥኩት። እኔ ያለ ዘንጌ ማን ነኝ ብላችሁ አትጠይቁኝ። አንድ ቅንድብ የሌለው ሽማግሌ ነኝ።

አለቃ አርናውት መዝገቡን ከፈቱ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ የቀረው ቦታ ለአንድ ስም ብቻ ይበቃል። ብዕራቸውን ቀለም ውስጥ ነከሩና ወደ ጥጉ ዞሩ።

"እህቴ ማይከን፣ ነይ። እጅሽን በቅድስቲቱ ሥዕል ላይ አድርጊ። የባልሽ ወንድም እንዳለው ነው?"

ማይከን ተነሣች። ሥዕሉ ላይ እጇን ስታኖር አየኋት፤ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ የተሰነጣጠቀ እጅ ነው። በዓይኔ ለመንኳት። "አዎ" ማለት ብቻ ነው፤ ሁለት ፊደል። ከብዕሩ ጫፍ አንድ ጠብታ ወደ ቀለሙ ተመልሳ ወረደች። ከዚያ ወደ አለቃ ሳይሆን ወደ እኔ ዞራ፣ የተኛ ልጅ እንዳይነቃባት እንደምትፈራ ሰው ዝቅ ባለ ድምፅ ተናገረች።

"ቀስቱ አልተቀበረም፣ ሂሊስዬ። ከአልጋዬ በላይ ተሰቅሏል፤ ለዘመቻው አልያዘውም ነበር። ፀሐይም አልወጣም። ክላራ ሁለቴ ተኩሳ እስከ ጎማዋ ጭቃ ውስጥ ሰጠመች፤ ሦስተኛ ተኩስ አልነበረም። ዮስን ሆዱን ነው ያመመው፤ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ደም ያስቀምጠው ነበር። አሥራ አንድ ቀን ጋሪው ላይ ተኝቶ፣ እኔ ጨርቁን ሳጥብ እሱን የምታጥበው አንተ ነበርክ። የሦስተኛውን ተኩስ ታሪክ ያኔ ነው የፈጠርከው፣ እሱን ለማሳቅ። ያኔ ስትነግረው አረሩ የወደቀው በመስፍኑ መጸዳጃ ድንኳን ላይ ነበር። ሳቀ። ደግመህ እንድትነግረው ለመነህ፣ ነገርከው፤ ስትጨርስ ግን ዐርፎ ነበር።"